መስኮቱ ስር የሚቀመጥ ማሞቂያ

የያዙኝ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት በር ላይ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ ነው። ለአጭር ጥያቄ እንፈልግሃለን አሉኝ። በዚያው ሳምንት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ የተቃውሞ ደብዳቤ ላይ ፈርሜ ስለነበር ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ያሰሩኝ ክፍል ወለሉም ግድግዳውም ሲሚንቶ ነው። አሥራ ሰባት ሰዎች ነበሩበት፤ ከእኔ ጋር አሥራ ስምንት ሆንን። ከፍ ብላ አንዲት መስኮት አለች፤ ብረት እንጂ መስታወት የላትም። ክረምት ስለነበር ዝናቡ ሲበረታ ውሃው ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። አዲስ የገባ የሚተኛው እሷ ስር ነው አሉኝ፤ ጃኬቴን እዚያ አነጠፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ እስረኛ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መሐንዲስ ናቸው፤ ወጣት ሳሉ በረዶ በሚጥልበት አገር ተምረው፣ እዚያው የቤት ማሞቂያ ሲዘረጉ ኖረዋል። በክፍሉ ያለው ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሳል አለባቸው። ጃኬቴን አዩት፤ እስከ እጅጌው ረጥቧል። ከዛሬ ጀምሮ መስኮቱ ስር በየተራ ነው የምንተኛው ብለው ለሁሉም ተናገሩ። ሰዎቹ ተስማሙ፤ ግን እርሳቸው ታመዋልና ከተራው ይውጡ አሉ።

«እኔን ካለፈ ተራ አይባልም» አሉ ጋሼ። በዚሁ ቀረ።

ቀኑ አልመሽ ሲል ሙያቸውን ያስተምሩኝ ጀመር። ክፍሉን በስንዝር ለኩና ለማሞቅ ምን ያህል ራዲያተር፣ ማለትም ሙቅ ውሃ የሚዞርበት የብረት ማሞቂያ፣ እንደሚበቃው በቃላቸው አሰሉ። ከዚያ በሳሙና ስባሪ ወለሉ ላይ ንድፉን እኔ እንድስለው አደረጉ፦ ውሃ የሚያሞቀውን ቦይለር፣ የሞቀውን የሚወስደውን ቱቦ፣ የቀዘቀዘውን ወደ ቦይለሩ የሚመልሰውን ቱቦ። ራዲያተሩን በሩ አጠገብ አደረግኩት። አይሆንም አሉኝ። ብርዱ የሚገባው በመስኮት ስለሆነ ራዲያተሩ እዚያው ስር ይሁን፤ ገና ሲገባ ይቀበለዋል። ራዲያተሩ ውስጥ የታመቀው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለውም ውሃው አይዞርም፤ ግማሽ ጎኑ ቀዝቃዛ ይሆናል። እንዲህ እያልን ከእኛ ክፍል አልፈን የጎረቤቶቻችንን ክፍሎችና ኮሪደሩን ጨመርን።

አንድ ረፋድ ላይ ለፍተሻ የገባ ጠባቂ ንድፉን አየ። የማምለጫ ካርታ መሰለውና ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው ማን እንደሳለው ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጋሼ ተነሡ። የሙቅ ውሃ ማሞቂያ ንድፍ ነው፣ የሳልኩትም እኔ ነኝ አሉ። ኃላፊው ወለሉን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና አሁኑኑ አጥፋው አላቸው።

ጋሼ ጎንበስ አሉ። ግን አላጠፉም። ከመጨረሻው ክፍል የሚመለሰውን ቱቦ በስህተት ከሙቁ መስመር ጋር አገናኝቼው ነበር። ሳሙናዋን አንስተው መስመሩን ቀስ ብለው እስከ ቦይለሩ ወሰዱት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ ኃላፊው።

«ስህተት ነበረበት» አሉ። «ሳላርመው አላጠፋውም።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ማየቴን ሲያረጋግጡ በፎጣቸው ጠርገው አጠፉት።

በዚያው ቀን ዕቃቸውን አሲዘው ወሰዷቸው። መስኮቱ ስር የመተኛት ተራቸው ሲደርስ ተጠጋግተን ቦታዋን ባዶ ተውናት። መሞታቸውን የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። ሳንባቸው ነው አሉ።

አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ነው። በአሮጌ ቤቶች ወለል ስር እየተሳብኩ የሙቅ ውሃ ማሞቂያ እዘረጋለሁ። ለላይሰንስ ስማር አስተማሪው ይህን የት እንዳወቅኩ ጠይቆኝ ነበር። አገሬ እያለሁ ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ዓመት የጋሼ ልጅ ከሳን ሆዜ ኮል አደረገችልኝ። ስልኬን የሰጣት አብሮን ታስሮ የነበረ፣ አሁን ፍሪሞንት የሚኖር ሰው ነው። አባቷን ከሰባት ዓመቷ ወዲህ አላየቻቸውም። አማርኛ ትሰማለች፤ መመለስ የሚቀላት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቅዳሜ ቀን ቤቷ ሄጄ ሁልጊዜ የማወራውን ነገርኳት፤ ንድፉን፣ ኃላፊውን፣ ጋሼ የመለሱለትን ቃል። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ አማርኛዋን እየፈለገች ጠየቀችኝ።

«አንክል፣ ዳዲን በርዶት ነበር?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። እናቷ፣ አባትሽ ሆስፒታል ውስጥ በደህና አልጋ ላይ ነው ያረፈው ብለዋት እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው። እንደዚያ ያለ ነገር ልል አሰብኩ። ዓይኗን አይቼ ተውኩት።

«አዎ ልጄ» አልኳት። «በጣም ይበርዳቸው ነበር። ሲስሉ እንዳንሰማ አፋቸውን በፎጣ ይይዙ ነበር።»

«ታንክ ዩ» አለችኝ። «ኖባዲ ቶልድ ሚ ዛት። ማንም አልነገረኝም።»

ወደ ኦክላንድ ስመለስ ፍሪዌዩ ተዘግቶ ነበር፤ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ስለ ጋሼ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በየለቅሶው ቤት አውርቻለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ ምን እንዳሉ፣ ለማን እንዳልተንበረከኩ ነው፤ እኔም እሱን ብቻ እናገራለሁ። ሳሉንና ብርዱን የምተወው ለክብራቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱን መስማት የከበደኝ እኔው ነኝ።