ገና ሮም አልደረስኩም

ተማሪዎቿ «ሮማዊቷ» ነው የሚሏት። ስሙን ማን እንዳወጣላት የሚያውቅ የለም፤ ታላላቆቹ ለታናናሾቻቸው እያወረሱት አብሯት አረጀ። በትምህርት ቤቱ ስለ ጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የምታስተምረው እሷ ብቻ ናት። ልጆቹ በአንድ አግዳሚ ሦስት አራት ሆነው በሚታጨቁበት፣ በተሰበረው መስታወት በኩል የመኪና ጡሩምባ በሚገባበት ክፍል፣ የኋለኛውን ወንበር ሳይቀር ጸጥ የሚያሰኝ ድምፅ ነበራት። መጽሐፍ አትገልጥም። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁጭ ትልና «እንግዲህ ስሙ፤ እነዚህ ሰዎች እንደኛው ነገረኞች ነበሩ» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ ደወሉ ሲደወል የሚናደዱ ልጆች ነበሩ፤ ይህን ያየ መምህር ሁሉ ይቀናባት ነበር።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። መርፌና ስፒል በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል ነው መሰለኝ፣ ከአፉ ቃል የሚወጣው በስንት መከራ ነው። ልጅ አልወለዱም። ማታ ራት ላይ እሷ የክፍሉን ውሎ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል፤ ትዳራቸው እንዲሁ ሆኖ ጸና።

ድምፅዋ ሻከር ማለት ሲጀምር ጉንፋን ነው ብላ ናቀችው። ዝንጅብል በማር ጠጣች፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቀለለች። ጉንፋኑ ግን ወር አልፎ ወር ቢተካ የሚሄድ አልሆነም። አንድ ቀን ባሏ ስፒሉን ከአፉ አውጥቶ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪም ዘንድ የማትሄጂው ምን እስክትሆኚ ነው?» አላት። እሱ ይህን ያህል ከተናገረማ ነገሩ የዋዛ አይደለም ብላ ሄደች።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አየ፤ ሌላ ቀን ናሙና ወሰደ። ውጤቱን ሊነግራት ሲል ወንበሩን ወደ እሷ ጎተት አደረገ።

«የድምፅ ሳጥንዎ ላይ ካንሰር አለ» አላት። «ሰፍቷል። በጨረር ብቻ የሚመለስ አይደለም። የድምፅ ሳጥኑ መውጣት አለበት።»

«ከወጣ በኋላ እናገራለሁ?»

«በሕይወት ይኖራሉ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም፣ ልጄ።»

ሐኪሙ አቀረቀረ። «አየር እየዋጡ መናገር የሚለምዱ ሰዎች አሉ። ሁሉም ግን አይሆንለትም። ዋናው ነገር አሁን ጊዜ አናባክን፤ በዚህ ሳምንት አልጋ ይያዙ።»

«አይሆንም» አለች። «ገና ሮም አልደረስኩም።»

ልጁ ግራ ተጋብቶ አያት። «ጉዞ ነበረብዎት?»

ሳቋ መጣ። ሳቁም ወዲያው ወደ ሳል ተለውጦ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር አሰቃያት። ከዚያ ተነስታ፣ «እመጣለሁ» ብላው ወጣች።

ለባሏ «የጉሮሮ ቁስል ነው፤ መድኃኒት ታዞልኛል» አለችው። ከተጋቡ ጀምሮ ዋሽታው አታውቅም። በትምህርቱ ገና አቴና ላይ ነች፤ ሮም ያለው ከፊቷ ነው። የቀረችውን ድምፅ እንደ ምንም አብቃቅታ ልጆቹን እዚያ ማድረስ፤ ሌላ ነገር በሐሳቧ አልነበረም። ስለዚህ በቤት ውስጥ መናገር አቆመች። ራት ላይ ባሏ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ወሬ የለም። ያኮረፈችው መሰለው። ምን እንዳጠፋ ሲያስብ ከርሞ፣ በመጨረሻ ለደንበኛ የመጣ ከሚመስል ሰማያዊ ጨርቅ ቀሚስ ሰፍቶ አልጋው ላይ ዘረጋላት። «ካጠፋሁ ይቅር በይኝ» አለ። እቅፍ አድርጋ ሳመችውና ምንም ሳትነግረው ቀረች።

ክፍል ውስጥም ነገሩ እየከፋ ሄደ። ፊት ያሉት ብቻ ይሰሟታል። የኋለኞቹ መንጫጫት ጀመሩ፤ አንዱ ከኋላ ሆኖ እንደ እሷ ድምፁን አጎርንኖ ሲናገር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ሁልጊዜ በጣም የምትወደውን ትምህርት ያስተማረች ዕለት ነው ነገሩ የወጣው። አቴናውያን አንዲት የደሴት ከተማ አመፀችባቸውና በቁጣ ተሰብስበው ወንዶቿ በሙሉ ይገደሉ ብለው ወሰኑ፤ ትእዛዙን የያዘች መርከብም ሄደች። በማግስቱ ንዴቱ ሲበርድ ያደረጉት ነገር ዘገነናቸው። እንደገና ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ውሳኔውን ሻሩና ሁለተኛ መርከብ አስከትለው ላኩ። የመጀመሪያዋ ግን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ቀድማለች።

በዚያ ዕለት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ክፍሉ ዝም ብሎላት ነበር። «ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን አልለቀቁም» አለች በሹክሹክታ። «እየቀዘፉ ይበላሉ። ተራ በተራ ይተኛሉ። ከፊታቸው ያለችው መርከብ...»

ድምፅዋ እዚያ ላይ ቆመ።

ከኋላ ወንበር፣ ሁሉን ነገር ካልተከራከረች የማይሆንላት፣ «ጠበቃዋ» የሚሏት ረጅም ልጅ ተነሳች። «ቲቸር፣ ሁለተኛዋ በጊዜው ደረሰች?»

አፏን ከፈተች፤ አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረች። ሳል ያዛት፤ መሐረቧን ከአፏ ስታነሳ ደም አለበት። ጀርባዋን ሰጠቻቸውና ጠመኔ አንስታ በሰሌዳው ላይ «ደረሰች» ብላ ጻፈች። መርከቧ በመድረሷ ደስ ያላቸው አንዳንድ ልጆች አጨበጨቡ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች።

ባሏን ጠሩት። የልብስ መለኪያ ሜትሩ እንኳ ከአንገቱ ሳይወርድ ሐኪም ቤት ደረሰ። ያ ሐኪም ሁሉን ነገር ሲነግረው ቆሞ ሰማ፤ ከዚያ አልጋዋ አጠገብ ሄዶ እንደማያውቃት ሰው አያት።

«ለሞቱ ሰዎች ብለሽ ልትሞቺብኝ ነበር?»

«ልጆቹ...» አለች፣ በተመለሰችላት ጥቂት ድምፅ።

«እኔስ? እኔ ምንሽ ነኝ?»

እጁን ስትይዘው ነጠቃት፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ መልሶ ያዛት።

በማግስቱ ጧት ወደ ቀዶ ጥገናው ሊወስዷት ሲሉ፣ «አንድ ነገር ተናገሪ፤ ድምፅሽን ልስማው» ብሎ ለመናት። እሷም የሚሆን ነገር ፈለገች። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ስታወራ ለዚህ ቀን የሚሆን ቃል አላስቀመጠችም። ዓይኗ ወደ እግሩ ወረደ። «ሱሪህ ጉልበቱ ላይ ተተርትሯል» አለችው። ልብስ ሰፊው ዝቅ ብሎ ሱሪውን አየ። ቀና ሲል አልጋው በሩን አልፏል።

በአንገቷ ላይ በተከፈተው ቀዳዳ እየተነፈሰች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሐኪሙ ያሳያትን አየር የመዋጥ ልምምድ በሩን ዘግታ ሞከረች፤ የሚወጣው ግን ግሳት ነው። ባሏ «ግድ የለም፣ እኔ እኮ ነኝ» ቢላትም እያፈረች ተወችው።

ወደ ሥራ ስትመለስ ርዕሰ መምህሩ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «እርስዎ የዚህ ትምህርት ቤት ምሰሶ ነዎት» አላት። «መጽሐፍ የሚታደልበትን ክፍል ይያዙልን። ጸጥ ያለ ነው፤ ይስማማዎታል።»

ጠረጴዛው ላይ ካገኘችው ወረቀት ጥግ ላይ፣ «አንድ ክፍል ብቻ ስጡኝ» ብላ ጻፈችለት።

«ልጆቹ ይደነግጣሉ፣ እትዬ» አለ፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም።

በእሷ ቦታ የገባው የጂኦግራፊ መምህሩ ነው። በመተላለፊያው ስታልፍ ትሰማዋለች፦ «ሮም በሰባት ኮረብታዎች ላይ ተቆረቆረች። አራት ነጥብ። አዲስ መስመር።» ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ።

መምህሩ የቀረበት ዕለት ሳታስፈቅድ ገባች። ሰሌዳውን ጠርጋ ስለ ሮም መጻፍ ጀመረች፤ ስለ ድሃ ገበሬዎች፣ መሬታቸውን ስለነጠቋቸው ባለጠጎች። መጀመሪያ ጸጥ አሉ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ስትጽፍ ግን ሹክሹክታው ወደ ጫጫታ አደገ። ሰሌዳውን በመዳፏ ደበደበች፤ ማንም አልሰማም። ድሮ አንድ «እንዴ!» ይበቃ ነበር። ከአንገቷ ቀዳዳ አየር እያፏጨ ሲወጣ ፊት የተቀመጠው ልጅ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ዝም በሉ!» ብላ ጠበቃዋ ተነሳች። «አታፍሩም? ታማ እኮ ነው!»

ሁሉም ዝም አሉ። አንድ በአንድ አየቻቸው። በፊታቸው ላይ ያለው እሷ የምታውቀው ዝምታ አልነበረም፤ አዝነውላት ነው። ጠመኔውን አስቀምጣ የጻፈችውን አጥፍታ ወጣች። መጽሐፍ በተደረደረበት ክፍል፣ በሁለት ክምር መካከል ቆማ አለቀሰች። ለቅሶውም ድምፅ የለውም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ክፍል አልገባችም። መጽሐፍ ሊወስዱ የሚመጡ አዳዲስ ተማሪዎች ደንቆሮ ትመስላቸውና ጮኸው ያናግሯታል። ሮማዊቷ የሚላትም እየጠፋ መጣ።

ዓመቱ ሲዞር ሐኪሙ መርምሯት ፊቱ በራ። «ምንም የለም፤ ነጽቷል። እንኳን ደስ አለዎት!» ባሏ የሐኪሙን እጅ ይዞ፣ እያለቀሰ፣ አልለቅም አለ። እሷ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ አመሰገነችና ሻርፗን አስተካከለች። በማግስቱ በጧት የመጽሐፍ ክፍሉን በር ከፍታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።