የሙሉጌታ የኳስ ካርዶች

ልጄ ናሆም ባለፈው መስከረም ጋራዡን ላጽዳ ብሎ ገባና ከአሮጌው ፍራሽ ጀርባ አራት ሳጥኖች ጎትቶ አወጣ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከቤት ይወጣል ብዬ ብጠብቅም አልወጣም፤ የሲያትል የቤት ኪራይ ልጅን ከአባቱ ጋር አጣብቆ ያስቀራል። ሳጥኖቹን ሲያይ ፊቱ በራ።

“ዳድ፣ ይሄ እኮ ሲልድ ነው፣ አልተከፈተም! የፉትቦል ካርድ! ማን ነው የገዛው?”

“ጓደኛዬ።”

“ልክፈተው?”

“ተወው።”

“ዋይ ናት? ለምን?”

ከፈተው። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ተወው ስትለው ምክንያት ይጠይቅሃል፤ ምክንያት ካጣህ እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል።

ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ እሽጎቹን አንድ በአንድ ቀደደ። በየእሽጉ ውስጥ አንዲት ስስ ሮዝ ማስቲካ ነበረች። ደርቃ እንደ ሸክላ ትሰበራለች፤ አንዳንዷ ካርዱ ላይ ተጣብቃ የተጫዋቹን ፊት ይዛ ተላጠች። የከረመ ስኳርና የረጠበ ካርቶን ሽታ ጋራዡን ሞላው። ናሆም ስልኩ ላይ ሲፈላልግ ቆየና ተነፈሰ።

“ኢትስ ጃንክ፣ ዳድ፤ ቆሻሻ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ይወደዳል ብሎ ገዝቶ አስቀምጦታል፤ ሶ፣ አሁን ማንም አይፈልገውም።”

ትቶት ወደ ጓደኞቹ ሄደ። እኔ የተበተነውን ካርድ ስለቅም ዋልኩ። ወገቤ ስለሚያመኝ ተንበርክኬ ነው የለቀምኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እነዚያን ሳጥኖች ከቤት ቤት ሳዞር አንድም ቀን አልከፈትኳቸውም። ለምን እንዳልጣልኳቸውም አላውቅም። ምናልባት እነሱን ከጣልኩ ነገሩን የሚያስታውሰኝ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ይሆናል። እንደማይጠፋ ግን አሁን አወቅሁ።

እኔና ሙሉጌታ ከሱዳን ስደተኞች ካምፕ በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው። ሃያዎቹን ገና የጀመርን ነበርን። ሴንትራል ዲስትሪክት በሚሉት የሲያትል ሰፈር ውስጥ፣ ከቼሪ ጎዳና ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ምድር ቤት ተከራየን። በመስኮቷ የሚታየው የሰው እግርና የረጠበ ውሻ ብቻ ነበር። እሱ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ በመኪና ማቆሚያ ቦታ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል፤ እኔ እዚያው አካባቢ ባለ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጥባለሁ። ሩዝ በበርበሬ፣ ሰርዲን በዳቦ እንበላለን። ዝናቡ ከጥቅምት ጀምሮ አይቆምም። ሰው “ትለምደዋለህ” ይለኝ ነበር። አልለመድኩትም።

አንድ ነገር ልናገርና ልገላገል፤ ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። አማርኛም፣ እንግሊዝኛም። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ረዳት አድርጎ ከጎንደር መተማ ሲያመላልሰኝ ፊደል የምቆጥርበት ዕድሜ መንገድ ላይ አለቀ። ካምፕ ውስጥ ቃለ መጠይቅ ያደረገችኝ ሴትዮ ስንተኛ ክፍል ነህ ስትለኝ “ስምንተኛ ጨርሻለሁ” አልኳት። ውሸቱ ከእኔ ጋር አውሮፕላን ተሳፈረ። ቁጥር አውቅ ስለነበር አውቶቡስ አልስትም። ፊርማዬን እንደ ሥዕል አጥንቼዋለሁ። የሚነበብ ነገር ሲመጣ “ደክሞኛል፣ አንተ አንብበው” እላለሁ። ሙሉጌታ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ ማንበብ የሚወድ ሰው ነበርና ሳይጠረጥር ያነባል።

ካርዱን የጀመረው እሱ ነው። የጨዋታውን ሕግ ሁለታችንም አናውቅም። “እግር ኳስ ይሉታል፣ በእጃቸው ታቅፈው ይሮጣሉ!” እያልን እንስቅ ነበር። ሙሉጌታ የሚወደው የካርዱን ጀርባ ነው። የእያንዳንዱ ተጫዋች ቁመት፣ ክብደት፣ የተወለደበት ከተማ ተጽፎበታል። አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አያሌው የሚለውን ስሜን አሳጥሮ እየጠራ ያነብልኛል።

“አያሌ፣ ይሄ አላባማ ነው የተወለደው። መቶ ሠላሳ ኪሎ!”

“ምን ይበላል?”

“አንተ የምታጥበውን ሳህን።”

አሜሪካን የተማረው ከዚያ ነው። አንድ ሳምንት ከምግቡ ቆጥቦ አምስት ሳጥን ገዛ። አንዱን ከፈተ፤ አራቱን “ፅጌ ስትመጣ አብረን እንከፍታቸዋለን” ብሎ አልጋው ሥር አስቀመጠ።

ፅጌ ሚስቱ ነች። ካምፑ ውስጥ ቄስ አጋብተዋቸው አራት ወር አብረው ከኖሩ በኋላ የእሱ ስም ለአሜሪካ ቀድሞ ወጣ። እሷ ካርቱም ሰው ቤት እየሠራች ትጠብቃለች። ፊደል አትለይም። ስለዚህ የሚጻጻፉት በካሴት ነበር። ድምጿን ቀድታ በመንገደኛ ትልካለች፤ እሱ ሦስቴ አራቴ ይሰማዋል። አንዳንዴ እኔ ባለሁበት ይከፍተዋል። “ሙልዬ፣ ይሄን ካሴት የምቀዳው ጎረቤት ቤት ነው፣ ዶሮው ቢጮህ እንዳትስቅ” ትላለች፤ እውነትም ዶሮ ይጮሃል። ሙሉጌታ ሚስቱ ባለማንበቧ አንድም ቀን ሲያፍር አይቼው አላውቅም። ይሄን ያኔ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖርም ነበር።

ኅዳር ላይ ኢሚግሬሽን ለፅጌ ጉዳይ የጋብቻ ወረቀቱን ዋናውንና ፎቶዋን ጠየቀ፤ ቀንም ቆረጠለት። ወረቀቱ ቼሪ ላይ አስተርጓሚ ዘንድ ነበር። በዚያው ሰሞን የካርዱ ኩባንያ መጠቅለያ ሰብስቦ ለሚልክለት ሰው የሚያብረቀርቅ ልዩ ካርድ እልካለሁ ብሎ ነበርና ሙሉጌታ የቀደዳቸውን መጠቅለያዎች በጎማ አስሮ አስቀምጧል። ሁለት እኩል ቢጫ ፖስታ ገዝቶ በሚያምር እጁ አድራሻ ጻፈባቸውና ጠረጴዛው ላይ ተዋቸው። የእኔ ዕረፍት ነበር፤ እሱ ለሥራ እየተጣደፈ ነው።

“አያሌ፣ ከአስተርጓሚው ወረቀቷን ተቀብለህ ከፎቶዋ ጋር በኢሚግሬሽኑ ፖስታ ክተት፣ መጠቅለያውን በሌላው። ሁለቱንም ፖስታ ቤት አድርስልኝ። የእሷ ዛሬ ካልሄደ ቀኑ ያልፋል።”

“ኦኬ።”

“ነፍሴን ነው የሰጠሁህ፣ ሰማህ?”

“ሂድ አንተ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሃል!”

ወረቀቱን ተቀብዬ መጣሁ። ፎቶዋ ላይ ፅጌ ፊቷን ወደ ጎን አድርጋለች፤ ቀኝ ጆሮዋ ይታይ ተብሏልና። ሁለቱን ፖስታዎች ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ቁጥር አውቃለሁ፣ ግን ቁጥሩ መንግሥት የትኛው እንደሆነ አይናገርም። አንደኛው ላይ ሦስት መስመር ተጽፏል፤ ሌላኛው ላይ አምስት ረጃጅም መስመር። አሰብኩ። መንግሥት ቃል ያበዛል። ቀበሌ ሳይቀር ማኅተሙ ላይ የሚጽፈው አያልቅም። ማስቲካ ሻጭ ምን የሚያስረዝመው አለ? አምስት መስመር ባለው ውስጥ የፅጌን ወረቀትና ፎቶ፣ ሦስት መስመር ባለው ውስጥ መጠቅለያውን ከተትኩና አሸግሁ። በፍርዴ ኮራሁ ብል አልዋሽም። ፖስታ ቤት የተቀበለችኝን ሴት “ኢሚግሬሽን የትኛው ነው?” ብዬ ብጠይቃት በጣቷ ታሳየኝ ነበር። አፌን ያዘኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የፖስታ ሳጥናችን ውስጥ የራስ ቁር ሥዕል ያለበት ትልቅ ፖስታ አገኘሁ። ያን ሥዕል ከካርዶቹ አውቀዋለሁ። የሚያብረቀርቀው ካርድ መጣ ብዬ ቆሜ ቀደድኩት። ፅጌ ጆሮዋን ይዛ ወጣች። የጋብቻ ወረቀቱም አብሮ። አንዲት ደብዳቤና አንድ ያልተከፈተ የካርድ እሽግም አለበት፤ ኩባንያው ለስሕተታችን ስጦታ ልኮልናል።

ቀኑ አልፏል፤ ነገሩ ግን ገና አልሞተም። ብሰጠው ኖሮ ሙሉጌታ ያን ወረቀት ይዞ ቢሮው በር ላይ ያለቅስ ነበር፤ ሰው ያስለምን ነበር፤ አንድ ነገር ያደርግ ነበር። እኔ ግን “ፖስታውን ለምን አቀያየርክ?” ቢለኝ የምመልሰውን ብቻ ነው ያሰብኩት። አሥራ አንድ ቀን ጃኬቴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አንድ እሑድ ለአንድ ሽማግሌ አድራሻ ጻፉልኝ ልል ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ጠበቅሁ።

“ምነው ልጄ፣ የምትፈልገው አለ?” አሉኝ።

“የለም አባባ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ነው።”

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከቤታችን ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ቀዳድጄ ጣልኩት። ፎቶዋን ሳይቀር።

ገና ሊሆን ሲል የኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጣ። ሙሉጌታ ምድጃው አጠገብ ቆሞ አነበበልኝ። የተጠየቀውን ማስረጃ ስላላቀረቡ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። ሽንኩርቱ እያረረ ነበር፤ ማንም አላወጣውም።

“ልከኸዋል አይደል?”

“በእጄ አስገብቻለሁ።”

“በማርያም?”

“በማርያም።”

ውሸት አይደለም። በእጄ አስገብቻለሁ።

እንደገና ጀመረ። ያጋባቸው ቄስ ከካምፑ ወጥተው የት እንደገቡ ጠፋ፤ ምትክ ወረቀት አልተገኘም። ጠበቃ፣ ቀጠሮ፣ ደብዳቤ ሲል ሁለት ዓመት ሄደ። የመጨረሻው ካሴት በበጋ መጣ፤ ከቤታችን ጀርባ እንጆሪው በስሎ መሬት ላይ የሚረግፍበት ወቅት ነበር። “ወረቀት ልኬያለሁ ትለኛለህ” ትላለች ፅጌ። “የላከ ሰው መልስ ያገኛል። እኔ ሞኝ ነኝ መሰለህ? ደህና ሁን ሙሉጌታ።” ሙልዬ አላለችውም። ፖርት ሱዳን የከባድ መኪና ሹፌር እንዳገባች ቆይቶ ተሰማ።

ሙሉጌታ ወደ ታኮማ ሄዶ ወደብ ላይ ሥራ ያዘ። ሳጥኖቹን ትቷቸው ሄደ። ሌላ አላገባም። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ፣ ወሬው ወደ ትዳር ከዞረ፣ “ሴት ወረቀት ነው የምታገባው” ይል ነበር፤ ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

አርባን ሳልፍ ማንበብ ተማርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ልጄ የምትሆን ዲግሪ ያላት ልጅ ከሕፃናት ጋር አስቀምጣ አስተማረችኝ። ሰዎች “ብርሃን አየህ” አሉኝ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ያን አምስት መስመር ነው። ፊደል የዘገየበት ሰው የሚያነበው ያጠፋውን ነው።

ናሆም ሳጥኖቹን በከፈተ በሳምንቱ ታኮማ ነዳሁ። ሙሉጌታ ወፍሯል፤ ጉልበቱን ያመዋል። ሻይ ቀዳልኝ። ሳልጠጣ ነገርኩት፤ ከአምስቱ መስመር እስከ ገንዳው።

“ስንት ቀን ያዝከው?” አለኝ ስጨርስ።

“አሥራ አንድ።”

“አብረን እራት እየበላን?”

“አዎ።”

“ብትነግረኝ ምን እልህ ነበር መሰለህ?”

“አላውቅም።”

“እኔ አውቃለሁ። አንተ ደደብ እልህ ነበር። ከዚያ ሻይ እንጠጣለን፤ ጠዋት ሁለታችን በአውቶቡስ ኢሚግሬሽን እንሄዳለን።”

ብርጭቆውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

“ፅጌ አምና ሞታለች። ሰው ኮል አድርጎ ነገረኝ። ትታኝ የሄደች ሴት ነች፣ ምን አገባኝ ብዬ ዘጋሁበት። ሥራዬ ሄድኩ አያሌው። በዚያው ቀን ሥራዬ ሄድኩ።”

ድሮ አያሌ ነበር የሚለኝ። ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ።

በሦስተኛው ቀን ጃክሰን ጎዳና ካለው ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቋ ወይዘሮ አልማዝ ውኃ በካርቶን ስትጭን አገኘኋት።

“ጋሽ አያሌው፣ ጓደኛዎ ሙሉጌታ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ለቅሶ ተቀምጧል፣ ሰምተዋል? ከሠላሳ ዓመት በፊት ለተወችው ሚስቱ ነው አሉ። ከሞተች ደግሞ ዓመት አልፏታል! ሰውዬው ጤነኛ ነው?”

“ጤነኛ ነው።”

“ቤቱ ሞልቷል አሉ። እኛ አሁን መሄዳችን ነው። እርስዎ መቼ ነው የሚሄዱት?”

መልስ ሳልሰጣት በርበሬዬን ይዤ ወጣሁ። መልሱ ይኸው ነው፤ ታንብበው። እኛ ዘንድ ተጣልቶ ዓመት ያልተነጋገረ ሰው እንኳ ለቅሶ አይቀርም፤ ገብቶ “እግዚአብሔር ያጽናህ” ብሎ ጥግ ይቀመጣል። እኔ ያን ቃል በየትኛው አፌ ልበለው? አንዳንዱ ጥፋት ከተናገሩት ይቀላል ይላሉ። የእኔ አልቀለለም፤ እሱም ላይ ተጫነ። ሚስቱን የረገመበትን ሠላሳ ዓመት አስታቅፌው ነው የወጣሁት።

ሙሉጌታ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ሦስቱንም ቀን ጥቁር ጃኬቴን ለበስኩ፣ መኪናዬን አስነሣሁ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ አጥፍቼ ወደ ቤት ገባሁ።