ለአንድ ስም የሚሆን ቀለም

ሰበታ፣ ጎህ ሲቀድ

ከአጎቴ ከየኔታ ፈለቀ ጋር ስንወጣ ግቢው አሁንም ይሸታል። አከራያቸው ኦቦ ገመቹ ትናንት የቀለሙን እንስራ ጓሮ ደፍተውታል። የኔታ ያረረ ገብስ፣ ጥላሸትና የክትክታ ቅጠል ወቅጠው፣ ዘፍዝፈው፣ ከክረምት ጀምሮ ሲያማስሉት ነበር። ቀለም ካልሸተተ አይበስልም።

«አይጥ የሞተበት መስሎኝ እኮ ነው፣ የኔታ! ዋቃ ያውቃል!» እያሉ ኦቦ ገመቹ እስከ አስፋልቱ ሸኙን።

በብራና የጻፉት ዳዊት አልቋል። የቀረው የአንድ ሟች የክርስትና ስም ነው። ዳዊቱን ለመታሰቢያው ያጻፉት እናቱ ወይዘሮ አስካለ ሱሉልታ ታመው ተኝተዋል፤ ሐኪሞች ወደ ቤት መልሰዋቸዋል። አዲስ ቀለም እስኪበስል ወራት ይፈጃል። እሳቸው ወራት የላቸውም።

«በእስክሪብቶ ቢጻፍስ?» አልኩ።

«ብራና ላይ?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ቡራዩ፣ ረፋድ

ከዓለም ገና በሚኒባስ፣ በአስኮ አቆራርጠን ደረስን። ረዳቱ ዳዊቱን አይቶ፣ «አባቴ፣ ይቀፉት፤ ወንበር ከያዘ ሒሳብ አለው!» ብሎ ሰው አሳቀ። የኔታ አልሳቁም።

ክትክታ ይለቅሙበት የነበረው ዳገት ቆርቆሮ ለብሷል። ብሎኬት፣ የብየዳ ብልጭታ፣ ባጃጅ። የምንፈልገው በሕይወት የሌለ የየኔታን ጓደኛ ቤት ነው፤ እሱም ቀለም ያዘጋጅ ነበር። ባለቤቱ እማማ ተዋቡ አንድ ቀንድ አወጡ። ግርጌው ላይ ቀለም ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«በእጁ የወቀጠው ነው። ሌላ የቀረኝ የለም።»

«ለአንድ ስም ብቻ፣ ተዋቡ።»

«የማን?»

«የአንዲት እናት ልጅ። መኪና የገጨው።»

እማማ ተዋቡ ቀንዱን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ በቢላዋ ፈቅፍቀው ጥፍር የምታህል ቁራጭ በላስቲክ ቋጠሩልን።

ሱሉልታ፣ ከሰዓት

ከእንጦጦ ጀርባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወይዘሮ አስካለ አልጋ ላይ ናቸው፤ ከብርድ ልብሱ በላይ የሚታየው ፊታቸው ብቻ ነው። አፋቸው ግን አያርፍም።

«መጣችሁልኝ! ስሙን ሳላይ ልሄድ ነው ስል። ቁመቱ እኮ በዚህ በር ዝቅ ብሎ ነበር የሚገባው...»

የኔታ ቁራጯን ሲኒ ውስጥ በውሃና በግራር ሙጫ አሹ፤ መቃ ብዕራቸውን ነክረው ጻፉ። ተክለ ማርያም። ጥቁር፣ የሚያበራ።

«ሙጫው በዝቷል፣ ብርድም ነው። ቶሎ አይደርቅም» አሉ።

«ከሩቅ ልየው፣ የኔታ። ከሩቅ ብቻ።»

ዳዊቱን ተቀብዬ ፊታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ቅዱስ መጽሐፍ ሲቀርብልን ሁላችንም የምናደርገውን አደረጉ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተሳለሙት።

ቀና ስል ብራናው ላይ ስም የለም። ጥቁር እድፍ ነው። ስሙ ከንፈራቸው ላይ ነው።

የኔታን አየኋቸው። ሲኒውን ዘቅዝቀው አሳዩኝ።

የምታስታምማቸው ሴት ልጃቸው እርጥብ ጨርቅ ይዛ ሮጠች። ወይዘሮ አስካለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩባት። ጨርቁ ሲጠጋ በእጃቸው ገፉት።

«እግዜር ይማርዎ» ብለን ተነሳን። እስካሁን አላርፍ ያለው አፋቸው ስሙን እንደያዘ ተገጥሟል። በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ አሰናበቱን።