የማፍጠሪያው ውሃ

መርካቶ ያደገ ሰው የትም ቢሄድ ቦርሳውን አቅፎ ነው የሚቀመጠው። እኔም ወደ ጅቡቲ በሚሄደው ባቡር ላይ የተቀመጥኩት እንደዚያው ነበር። አጠገቤ እናቴ አለች። ፊት ለፊታችን ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌና ወደ አገሯ የምትመለስ ጅቡቲያዊት ወጣት ተቀምጠዋል። የሁለቱም ዓይን ቦርሳዬ ላይ ያረፈ መሰለኝ።

ቦርሳው ውስጥ ያለው የእናቴ የስኳር መድኃኒት ነው፤ ከበረዶ ጋር ፔርሙዝ ውስጥ የታሸገ ኢንሱሊን። ጅቡቲ የሚኖረው ወንድሜ ልጅ ወልዶ፣ እናቴ "የልጅ ልጄን ሳላይ አልሞትም" ብላ መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጣችኝ ነው የተነሳነው። ያለ መድኃኒቱ መዋል ማደር አትችልም፤ ስለዚህ ፔርሙዙን ደጋግሜ እየከፈትኩ በረዶውን አያለሁ።

እናቴ ግን የጎጃም ሰው ናት፤ ዝም ብሎ መጓዝ አይሆንላትም። በክርኔ ጎሸም ባደርጋት ጭራሽ ባሰባት። አዳማ ሳንደርስ የወጣቷ እጮኛ ሥራው ምን እንደሆነ፣ የሽማግሌው ልጆች የት የት እንዳሉ አውቃ ጨርሳለች። እሳቸው አንዋር መስጊድ አካባቢ ብርድ ልብስ ነው የሚሸጡት። የብርድ ልብስ ነጋዴ ጅቡቲ ምን ሊሠራ ይሄዳል ብዬ እኔ ይበልጥ ተጠራጠርኩ። ለካ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው።

ሁዳዴና ረመዳን የተገጣጠሙበት ዓመት ነበር። በሌላ ጊዜ ስንቁ ተፈትቶ "እንብላ፣ እንብላ" የሚባልበት ሰዓት ሲደርስ ሁላችንም ጾመኞች ሆንን። በሐኪም ትእዛዝ የምትበላው እናቴ ብቻ ናት፤ እሷም ሰው ፊት መጉረስ አፍራ ምሳዋን ትነካካለች። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰሉ። ያኔ በላች።

ድሬዳዋን አልፈን፣ በረሃው መሀል ባቡሩ ቆመ። መብራት ጠፍቷል ተባለ። ማቀዝቀዣውም አብሮ ስለጠፋ ፉርጎው እንደ ዳቦ ቤት ጋለ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ፔርሙዙን ስከፍት በረዶው ቀልጦ አልቋል፤ ውሃው ራሱ ለብ ማለት ጀምሯል።

"ወይኔ እናቴን!" አልኩ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

"ምን ሆንሽ ልጄ?" አሉ ሽማግሌው።

ነገርኳቸው። ከዘንቢላቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አብዛኛው ገና በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ነው። ሲያፈጥሩ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲጠጡ ሚስታቸው ማታውን ያስቀዘቀዙላቸው።

"እንቺ።"

"ኧረ ጋሼ! ማፍጠሪያዎ አይደል እንዴ? በዚህ ሙቀት?"

"እኔ ያገኘሁትን እጠጣለሁ። እሷ ሌላ መድኃኒት የላት። ያዢ እንጂ!"

ወጣቷ ደግሞ ከሻንጣዋ አዲስ ሻሽ መዘዘች። ኢንሱሊኑን በሻሹ ጠቅልላ፣ "በረዶ አይንካው፣ እሱም መጥፎ" አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። ከዚያ ጠርሙሱን አስጠግታ ሁለቱንም በፎጣው አሰረችልኝ። ቦርሳዬን ራሴ ለማላውቃቸው ሰዎች ከፍቼ ስሰጥ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ባቡሩ ሳይነሳ ፀሐይ ጠለቀች። ሽማግሌው በቴምር አፈጠሩ፤ አስከትለው መስኮቱ ሥር ሲቀቀል የዋለ ውሃ ጠጡ። ፊታቸውን እንኳ አላኮሳተሩም፤ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እኔ በዚያው ሰዓት ቅዝቃዜው ያልለቀቀውን መድኃኒት አውጥቼ እናቴን ወጋኋት። እንባዬ መጣ። እንደዚያን ቀን ሰው አመስግኜ አላውቅም። ከዚያ የእኛ ፍርፍርና የእሳቸው የምስር ሳምቡሳ አንድ ላይ ቀረበ። ባቡሩ ሲነሳ አራታችንም እየበላን ነበር።

እናቴ የልጅ ልጇን አቅፋና ስማ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ረመዳን በመጣ ቁጥር ቤታችን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውሃ በረዶ ሆኖ ያድራል። "እንዳትነኩት! የወንድሜ ማፍጠሪያ ነው" ትላለች እናቴ። እኔ ከአሥር ሰዓት በኋላ በፎጣ ጠቅልዬ፣ የአንዋርን ግፊያ ጥሼ ብርድ ልብስ ቤታቸው አደርሳለሁ።

ሽማግሌው ሲያዩኝ ቶሎ እጃቸውን አይዘረጉም።

"እናትሽስ?" ይላሉ መጀመሪያ።

"ደህና ናት፣ ጋሼ።"

"አልሐምዱሊላህ" ይሉና ያኔ ውሃውን ይቀበሉኛል።