ነገ የሚጋልበው አያቴ

አያቴ ነገ ይጋልባል። ትናንትም ነገ እጋልባለሁ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ አይበላም።

በወጣትነቱ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ ጃን ሜዳ ላይ የእሽቅድምድም ፈረስ ይጋልብ ነበር። ጋላቢ ከውድድሩ በፊት ኮርቻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከተወሰነለት በላይ ከከበደ አያስጋልቡትም። የአያቴ ልክ አርባ ስምንት ኪሎ ነበር። ጤነኛ ሳለ ይህን ሲያወራልን እንስቅ ነበር። ከውድድር በፊት አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ይተፋል እንጂ አይውጥም። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፀሐይ ላይ እየሮጠ ላቡን ያወጣል። ሲያሸንፍ የፈረሱ ባለቤቶች ግብዣ ይጠሩታል፤ እሱ ሌሎች ሲበሉ አይቶ ይወጣል።

በአብዮቱ ፈረሶቹ ሲበተኑ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ። ወደብ ላይ ጆንያ ልሸከም ቢል አሠሪው ከላይ እስከ ታች አይቶት፣ «ጆንያው አንተን ቢሸከምህ ይሻላል» አለው። የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ኖረ። ፈረስ ላይ ዳግመኛ አልወጣም።

አሁን እርጅና አእምሮውን ወስዶበታል። እናቴ ካርቲየ 3 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ባላት ትንሽ ሱቅ ስለምትውል፣ እሱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከምሲን የሚባለው ደረቅና የሚያቃጥል ነፋስ ሲነሳ የቆርቆሮው ግድግዳችን አያስነካም። እሱ ግን ቬንቲላተሩን ያስጠፋኛል፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ላብ ይጠብቃል። ላቡ ከቆመ ቆይቷል።

በእሱ ዓይን እኔ የልጅ ልጁ ሳልሆን የድሮው ፈረስ ቀላቢ ነኝ።

«አንተ፣ ፈረሱ በላ?»

«በላ አባባ። አንተም ትንሽ ሾርባ ቅመስ።»

«እሱ ይብላ። የሚሮጠው እሱ ነው።»

ሐኪሙ ጉሉኮስ ቢያዝለት ከክንዱ ላይ ነቀለው። «ውሃ ይከብዳል» አለኝ።

አንድ ጠዋት እናቴ የሰው ሚዛን ገዝታ መጣች። ከሥሩ ያለውን ማስተካከያ አዙራ ቀስቱን ከዜሮ በታች አደረገችው።

«መቅለሉን ካየ ይበላል» አለችኝ። «አንቺ ንገሪው። እኔን የፈረሱ ባለቤት ሚስት አድርጎኛል፤ እጅ ነስቶ ዝም ነው የሚለኝ። ድምፅሽን ደግሞ ከፍ አድርጊ፣ እንደ ሚስጥር አታንሾካሹኪ።»

ትራሱን እንደ ኮርቻ ታቅፎ፣ በሁለታችን ተደግፎ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ቀስቱን አየ።

«በጣም ቀለሃል አባባ» አልኩት፣ የቻልኩትን ያህል ጮክ ብዬ። «በዚህ አያስጋልቡህም። መብላት አለብህ።»

ያዘነልኝ መሰለኝ።

«አዲስ ነህ እንዴ? ጋላቢ ሲቀል እርሳስ ይጨምሩለታል፣ ከባዱን ብረት። የሚጨምሩት ደግሞ ኮርቻው ላይ ነው፤ ሆድ ውስጥ አይደለም።»

እናቴ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

ሌላ ቀን፣ ውድድሩ እኮ አልቋል ብዬ ሞከርኩ።

«ማን አሸነፈ?»

«አንተ ነሃ።»

ደስ አለው። «እንግዲያው ለሚቀጥለውም ይፈልጉኛል» አለና ማንኪያውን በእጁ መለሰብኝ። ተሸንፈሃል ልበለው ብዬ አስቤ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ልመዘን አለ። ማስተካከያውን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፤ ዘዴው ምንም አልጠቀመም። እናቴ ሱቅ ስለነበረች ብቻዬን ከነትራሱ አቅፌ ሚዛኑ ላይ አቆምኩት። ቀስቱ አርባ እንኳ አልደረሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኑ ስለደከመ እሱ አላየውም።

«ስንት ይላል?»

«አርባ ስምንት።»

«ልክ ነው» አለ። ፊቱ ላይ እንዲህ ያለ ደስታ ካየሁ ቆይቻለሁ። «ሂድ፣ ፈረሱን ጫንልኝ።»

አቅፌ አልጋው ላይ መለስኩት። ትራሱን ከጭንቅላቱ ሥር ላደርገው ስል አልለቅም አለኝ፤ ተውኩለት። ሾርባው ከትናንት ጀምሮ ድስቱ ውስጥ ነው። ዛሬ አላሞቅኩትም።