በሁዳዴ የተቀመሰ ሽሮፕ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ደባርቅ ውስጥ እንደ ውዳሴ ማርያም የሚደግም ሰው ቢኖር ይግዛው ነበር። የዳባት ልጅ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ቁስል አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ፤ አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት ክፍል ተመደበ። ከጠባብ መስኮት ኋላ ቆሞ ለልጆች የሚጠጣ መድኃኒት ማደል ነው ሥራው። የሽሮፑን ዱቄት የሚበጠብጥበትን ውኃ ራሱ አፍልቶ ራሱ ያቀዘቅዛል፤ ሌላ ሰው ያፈላውን አያምንም። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል፣ ክዳኑን ያሸተዋል። ከጎንደር የመጣ ካርቶን ተከፍቶ የታሸገ ከመሰለው ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም። ሚስቱ አገርነሽ እንኳ «እኔን ያገባኝ ሦስት ዓመት ሰልሎኝ ነው» እያለች ጎረቤት ታስቅበት ነበር።

የእሱ ሲገርም፣ መስኮቱ ፊት የሚሰለፉት እናቶች ደግሞ ይብሱት ነበር። በእነሱስ አይፈረድም። ወንድም ወንድሙን የሚያስይዝበት ዘመን፣ ማን ማንን ያምናል? በገጠሩ «መንግሥት ልጆቻችንን በመድኃኒት ሊያመክንብን ነው» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ስለዚህ እናቶቹ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። በአገሩ ጠላ ቀጂ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አትሰጥም፤ መድኃኒት ቀጂስ ከጠላ ቀጂ በምን ይበልጣል? ይግዛው ከእያንዳንዱ ጠርሙስ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ካልላሰ ልጃቸውን አያጠጡም። እሱም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ደስ ይለው ነበር፣ ብልህ ሰዎች ናቸው ብሎ። የከተማው ቀልደኛ ሁሉ «ደባርቅ ውስጥ በሽሮፕ ያደገ ሰው ይግዛው ብቻ ነው» ይል ነበር።

ጣጣው የሚመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ይግዛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ የሚጾም ሰው ነበር። ይህን ከሚስቱና ከንስሐ አባቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ማወቅም የለበትም፤ ምክንያቱም ሆስፒታሉ ውስጥ ጓድ ላቀው የሚባል ካድሬ ነበረ። መድኃኒት ወደ ጫካ ይወጣል ተብሎ ጠርሙስ እንዲጠብቅ የተላከ ወጣት ነው፤ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጦ የክብሪት እንጨት ያኝካል። ዓምና አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ጾመኛ መሆኑ ተደርሶበት በውይይት ክበብ «አድኃሪ» ተብሎ ሲዋረድ፣ ከዚያም ከሥራው ሲባረር፣ ይግዛው ከሌላው ጋር አጨብጭቧል። ማጨብጨቡ እስከ ዛሬ ሆዱን ይበላዋል።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ሽሮፑን መዳፉ ላይ ጠብ ያደርጋል፣ እጁን ወደ አፉ ያነሳል፣ ከንፈሩን ያስጮኻል፣ ከዚያ መዳፉን በጋዋኑ ጎን ጠረግ። ምላሱ አይነካውም። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ካድሬውም በስተኋላ ነው፤ ማን ያያል?

ሁዳዴ ሲጋመስ፣ በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ረፋድ ላይ ታንጉት የምትባል ሴት ልጇን ጤናዬን አዝላ ከጃናሞራ መጣች። ሐኪሙ የሳምባ ምች ነው ብሎ ሽሮፕ አዞላታል። ይግዛው ሕፃኗን በመስኮቱ አሻግሮ አያት። አፍንጫዋ ይርገበገባል፤ በተነፈሰች ቁጥር ጎኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እንዲህ የምትተነፍስ ልጅ ዛሬ መድኃኒት ካልጀመረች እንደማትተርፍ ከብዙ ዓመት ልምዱ ያውቀዋል። እንዲያም ሆኖ ዐመሉ አልተወውም። ሴትዮዋ ያን ሁሉ መንገድ ብቻዋን እንዴት መጣች?

«ባልሽ የት ነው?» አላት ጠርሙሱን እየናጠ።

«መድኃኒቱ ለልጅቱ ነው፤ አባቷ ምን ያደርግላችኋል?»

ከኋላው የክብሪቷ እንጨት ቀጭ ስትል ሰማ። ይግዛው ሌላ ሳይጨምር ሽሮፑን መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፣ ወደ አፉ አነሳ፣ ከንፈሩን አስጮኸ፣ በጋዋኑ ጠረገ። ታንጉት ዐይኗን ከእጁ አልነቀለችም። የመጀመሪያ ልጇ ከገበያ ዟሪ በገዛችው ክኒን ፀሐይ ሳትጠልቅ እጇ ላይ ያለቀባት ሴት ናት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

«ጌታው፣ አልቀመሱትም።»

«ቀመስሁት እኮ! ዐይን የለሽም?»

«ዐይንማ አለኝ። ያ ጋዋንዎ ላይ ያለው ሮዝ ነገር ምንድነው? እስቲ ምላስዎን ያውጡት።»

ይግዛው አፉን ገጠመ። ጾም ነኝ ቢል ካድሬው ይሰማል። አሁን ሽሮፑን ቢቀምስ ጾሙ ይፈርሳል። ደግሞ አንድ ሌላ ሐሳብ ብልጭ አለበት፤ ይህች ሴት ጾመኛ መሆኔን እንድታወጣጣኝ ራሱ ላቀው የላካት ብትሆንስ? እሱ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ታንጉት የዝምታውን ትርጉም በራሷ ፈታችው።

«በእርስዎ ምላስ ላይ ያላረፈ፣ በእኔ ልጅ ሆድ ውስጥ አይገባም» አለችና ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ ትታ ነጠላዋን አጥብቃ ሄደች።

ሌሎች እናቶች ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ይግዛው የመጀመሪያይቱን ወረቀት ተቀበለ፤ ፊደሉ አልታየው አለ። የሚታየው የዚያች ልጅ ጎን ነው፣ ገባ ወጣ ሲል። ተልካ ቢሆንስ? ይሁን፣ ትላክ። ማንም ቢልካት፣ ልጅ እንዲህ በማስመሰል አይተነፍስም። ጠርሙሱንና ማንኪያውን ይዞ በጓሮ በር ወጣ። ከወጣ በኋላ መሮጥ ጀመረ።

የደረሰባት ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ስታየው ድንጋይ አነሳች።

«ቁሚ!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አትጠጋኝ ካልሽ አልጠጋም። እይኝ ብቻ።»

ማንኪያውን ሞልቶ ቀዳ። ፀሐይዋ ገና እኩለ ቀን አልሆነችም። ከዘወረደ ጀምሮ አንድ ቀን ሳያጓድል የያዘው ጾም ነው። አማተበና ጨለጠው። ባዶ ሆዱ ላይ ጣፋጩ ሲያርፍበት ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ አፈረም፣ አዘነም።

ታንጉት ግን ድንጋዩን አልጣለችም። «ያኔ እምቢ ያሉትን አሁን ምን አስጠጣዎ? ጠርሙሱን ለውጠውት ቢሆንስ? ንጹሕ ከሆነ እዚያ ለምን አስመሰሉብኝ?»

ይግዛው በዕድሜው እሱን የሚያህል ተጠራጣሪ ገጥሞት አያውቅም ነበር። መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት ከበስተኋላው የጫማ ኮቴ ሰማ። ጓድ ላቀው ዳገቱን ጨርሶ ወገቡን ይዞ ቆሟል።

«ጓድ ይግዛው» አለ፤ «መድኃኒት ይዘህ ወዴት ነው ሩጫው?»

ለካድሬው የሚሆን መልስ አላጣም፤ ሴትዮዋ ጠርሙሷን ረስታ ነው ቢለው ያልፍለታል። ለታንጉት የሚሆነው መልስ ግን አንድ ብቻ ነው። ልጅቱን አያት። ከንፈሯ ጠቆር ማለት ጀምሯል።

«ጾም ይዤ ነው» አለ፣ ፊቱን ወደ ታንጉት እንዳዞረ። «ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። እዚያ ያስመሰልሁት ለዚህ ነው። መርዝ ሆኖ አይደለም። ይኸው፣ አሁን ገድፌልሻለሁ።»

ታንጉት እሱን አየች፤ ከዚያ ካድሬውን አየች። የላቀው ፊት እንዴት እንደተለወጠ ልብ አለች። ሰው ራሱን ሊያስበላ አይዋሽም። ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ።

«ምነው ቀድመው ሹክ ቢሉኝ!» አለች ልጅቱን ከጀርባዋ እያወረደች። «ይስጡኝ።»

ጤናዬ የመጀመሪያውን ተፋችው። ይግዛው ተንበርክኮ አሳያት፤ አፍንጫዋን አትያዥ፣ በጉንጯ በኩል ጥቂት ጥቂት አድርጊላት፣ ስትውጥ ጠብቂያት። ሁለተኛው ገባ። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ሲል ሦስቱም ያዩ ነበር፣ ካድሬውም ጭምር። «ተሻላት ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ እስኪያልቅ ድረስ ነው» አላትና ጠርሙሱን በእጇ አስጨበጣት።

ላቀው ከአፉ የክብሪቷን እንጨት አውጥቶ ጣለ። «ቅዳሜ ውይይት ክበብ እንገናኝ» ብሎ ቁልቁል ወረደ።

ቅዳሜ የሆነው የታወቀ ነው። የሚጮኸው ጮኸ፣ የሚያጨበጭበው አጨበጨበ። በበነጋው ደግሞ ይግዛው በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ሁዳዴን ገደፈ የሚል ወሬ ደብሩ ደረሰ፤ ሰላምታ የከለከሉት ምእመናንም ነበሩ። ከሁለት ያጣ ሆነ። ከመስኮቱ አንስተው አምባ ጊዮርጊስ ወደሚገኝ መጋዘን ላኩት፤ ልጅ የማይታይበት፣ ካርቶን ብቻ የሚቆጠርበት ቦታ። ማታ ማታ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነበር። ሴትዮዋ ጠርሙሱን እስከ መጨረሻው አጠጥታት ይሆን? ወይስ እመንገድ ላይ እንደገና ጠርጥራ ገደል ሰደደችው? እሱ ቢሆን ኖሮ ይጠረጥር ነበር።

በሰኔ ጾም፣ በገበያ ቀን፣ ታንጉት እሱን ስታፈላልግ መጋዘኑ በር ላይ ደረሰች። ከቀሚሷ ሥር ጤናዬ በሁለት እግሯ ቆማለች፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ አፍንጫዋ ከንፍጥ በቀር ምንም የለበትም። ይግዛው ቁጭ ብሎ ጎኗን አየ፤ አይሰረጉድም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የመጣሁት» አለች ታንጉት፣ «በእኔ ምክንያት ስለገደፉት ቀን ልነግርዎ ነው። ትናንት ሰው ሁሉ በሰዓቱ ሲበላ እኔ እስኪመሽ ጾሜ ቆየሁልዎ። ቀኑ ተከፍሏል፤ ጎደለብኝ ብለው አያስቡ።»

ይግዛው፣ ሚስቱን ሦስት ዓመት የሰለለው ሰው፣ መጾምሽን ማን አየ ብሎ አልጠየቃትም።