የአዴ ዲንቄ ልጅ ማን ናት?

ሰው በገዛ እናቱ ለቅሶ ላይ ይቀናል ቢባል ማን ያምናል? ደራርቱ ግን ቀናች፤ ያውም ዓይኗ ደም እስኪመስል እያለቀሰች።

የቀናችው በኑሰይባ ነው። ኑሰይባ አዳማ ገበያ ውስጥ ከደራርቱ እናት ከሟቿ ከአዴ ዲንቄ ጎን ድንችና ቃሪያ ስትሸጥ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረች የወሎ ልጅ ናት። ጥፋቷ ከልጅየዋ አብልጣ ማልቀሷ ነው። ፍራሹ ላይ ከደራርቱ አጠገብ ተቀምጣ "አዴ! አዴዬ!" ስትል ድንኳኑ ይርገበገባል። ከመቂ የመጡ ሁለት ሽንኩርት ነጋዴ ሴቶች ገና ሲገቡ እሷ ላይ ተጠመጠሙ።

"አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ! እንዲህ ያለች እናት የት ትገኛለች!"

እንባቸውን ጠራርገው ወደ ደራርቱ ዞሩ። "አንቺስ እህቴ፣ ጎረቤት ነሽ?"

"አዎ" አለች ደራርቱ። "ሆዷ ውስጥ ዘጠኝ ወር ተከራይቼ ኖሬያለሁ።"

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ይሄኔ ወንድሟ ኢተፋ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልሰው ሹፌር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሕይወት ታሪኳን ጻፊ፤ አንቺው ታነቢዋለሽ።"

ደራርቱን ደስ አላት። የአዴ ዲንቄ ልጅ ማን እንደሆነች አሁን በድምፅ ማጉያ ይሰማል! ጓዳ ገብታ በቁም ጽሕፈት "ወይዘሮ ዲንቄ ከአባታቸው ከአቶ ሰንበታ" አለችና ቆመች። ከእናታቸውስ ከማን? የት?

ደራርቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ተቆጣጣሪ ናት። እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ የእናቷን የስኳር መድኃኒት ከነሰዓቱ ታውቃለች። ልጇን ሜቲን ጠራቻት።

"አያትሽ የት ነው የተወለደችው?"

"እኔ እንጃ። ለኑሲ ነበር የምታወራላት።"

"ኑሲ! ኑሲም ሆነች ደግሞ!"

ኢተፋን ብትጠይቀው እሱም "ኑሰይባን ጠይቂያት" አላት። ስድስት ሰዓት ሆነ። ቅናት ቢያንቃትም ቀብር አይጠብቅም። ኑሰይባ ከእድሩ ሴቶች ጋር ጓሮ ሽንኩርት ትልጣለች። "ሽንኩርት ይዞማ ማን አያለቅስም" አለች ደራርቱ በሆዷ።

"እማዬ የት ነው የተወለደችው?"

ኑሰይባ ቢላዋዋን እንኳ አላስቀመጠችም። "ዴራ። እናታቸው ብርቂ ይባላሉ። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ለሽማግሌ ሊድሯቸው ሲሉ በጓሮ ወጥተው ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ተሳፈሩ። ሹፌሩ አዳማ ሲደርስ አገኛቸውና 'ማን ነሽ?' ቢላቸው 'የሽንኩርቱ ባለቤት' አሉት። አመነ! በዚያው ሽንኩርት ነጋዴ ሆነው ቀሩ። ከዚያ በፊት ልጅ ሳሉ ላንጋኖ ሆቴል አንሶላ አጥበዋል፤ ሐይቁ ውስጥ ግን እግራቸውን አልነከሩም። መደባቸው ላይ ቲማቲሙን እየጨመቀ የሚያማርጥ ሰው ሲመጣ 'ልጄ፣ ቲማቲም ነው እንጂ የሚስትህ ጉንጭ አይደለም' ይሉት ነበር።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ደራርቱን እንደ መርፌ ወጋት። "ለኔ ለምን አልነገረችኝም?"

"አንቺ ስትመጪ መድኃኒት ዋጪ፣ ጨው ተይ ነው። እሳቸው ደግሞ ሐኪም ፊት ወሬ አይወዱም።" አሁን ቢላዋዋን አስቀመጠችና "ልጆችስ ስንት ብለሽ ጻፍሽ?" ስትል ጠየቀቻት።

"ሁለት። ኢተፋና እኔ።"

"እሱስ ልክ ነው" አለች ኑሰይባ፤ ወደ ሽንኩርቷም ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኑሰይባና ሙስሊም የገበያ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ውጭ ቆሙ። ደራርቱ ማጉያውን ይዛ አነበበች። ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ፤ ዴራም፣ ላንጋኖም፣ ቲማቲሙም ተነበበ። ወደ ታች ስትደርስ ወረቀቱ ላይ የራሷ የሆነ አንድ ቃል ብቻ እንዳለ ገባት፤ "ሁለት" የሚለው። እሱም አፏ ላይ ሲደርስ አልወጣም አለ።

"…የሦስት ልጆች እናት ነበሩ።"

ጉምጉምታ ተነሣ። "ሦስት? ሦስተኛው ከማን ነው?" "ድሮም እኮ ይወራ ነበር!" ኢተፋ ፊቱ ጠቁሮ "የማን ልጅ ነው?" አላት በጆሮዋ።

"በሩ ላይ የቆመችው ናት! ኑሰይባ!" ብላ ደራርቱ በማጉያው ጮኸች።

ሕዝቡ ባንዴ ዞረ። እቅፉም፣ እንባውም፣ "አይዞሽ"ም ወደ በሩ ጎረፈ። ለደራርቱ ግን ከፊቷ የቀረላት የሰው ጀርባ ብቻ ነበር፤ ወረቀቷ ላይም ገና አራት መስመር አለ።

"ኧረ ወደዚህ ዙሩ!" አለች በማጉያው። "አልጨረስኩም! እኔም እኮ ልጇ ነኝ!"